ተዝካሬን አውጥቻለሁ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ታገኘ ያየህ ግን ዕድሜ ልኬን ስጠረጥር ኖሬ፣ በአገር ፊት የተመነጠርኩት በመጠርጠሬ ነው። ነገሩን ከእኔ ከራሴ ስሙት። ሌላ ሰው ቢነግራችሁ አጣሞ ነው የሚነግራችሁ፤ የዳባትን ሰው አውቀዋለሁ።

ቤቴ ከዳባት ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ገብስና ባቄላ አርሳለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ስንቄ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስትማር፣ ቀለቧን በአህያ እየጫንኩ አመላልስ ስለነበር ከማንም አምስት ሳንቲም አልተበደርኩም። በስልሳ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አንድ ፖስታ ይዛ መጣች። አስመራ ያለ የነርሶች ኮሌጅ ተቀብሏታል። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ለመኝታና ለምግብ በየዓመቱ መስከረም ላይ መቶ ሃምሳ ብር ይከፈላል።

ያን ጊዜ ደህና የእርሻ በሬ ሰባ አምስት ብር ያወጣ ነበር። መቶ ሃምሳ ማለት ሁለት በሬ ነው። እኔ ያለኝ ደግሞ ሁለት በሬ ነው። በሬዎቹን ብሸጥ ልጄ የመጀመሪያውን ዓመት ትማራለች፤ በሁለተኛው ዓመት እኔና ሚስቴ ታንጉት መሬቱን በጥርሳችን እናርሰዋለን።

«ግራዝማች ዝናቡ ያበድሩሃል» አለች ታንጉት፣ ፊት ፊቴን እያየች።

«የእሳቸውን ስም በዚህ ቤት አታንሺ!» አልኳት።

ለምን እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። አባቴ ሲሞቱ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዳዊት ደግሜ ጨርሻለሁ። ጣሊያን ወጥቶ ጎንደር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስለነበር፣ የኔታ ለዚያ መርጠውኝ፣ እናቴም አዲስ ቁምጣ አሰፍተውልኝ፣ ለመሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። በመካከሉ አባቴ ሞቱ፤ የአርባ ቀኑ ተዝካር ተከተለ። ሰንጋው፣ ጠላው፣ ለካህናቱ የሚቀርበው ሁሉ ከየት ይምጣ? የደጃችን መሬት ለግራዝማች ዝናቡ አባት በወለድ አገድ ተሰጠ። ወለድ አገድ ማለት ብሩ እስኪመለስ ድረስ አበዳሪው መሬትህን እያረሰ ይበላል፤ ምርቱ በወለድ ይሄዳል፤ ዋናው ዕዳ ግን እንደቆመ ይጠብቅሃል። ጎንደር መሄዴ ቀረ። በገዛ አባቴ መሬት ላይ የሰው በሬ እየነዳሁ፣ የሰው ገበሬ ሆኜ አደግሁ። መሬቱን ያስመለስኩት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ትምህርትህን ማን በላው ብባል፣ ግራዝማችን ከነአባታቸው፣ ቄሶቹን ከነዲያቆኖቻቸው፣ ያን ቀን ጠላውን የጠጣውን አገር በሙሉ ስም እየጠራሁ እረግም ነበር። እናቴ ግን ስለዚያ ነገር አንድም ቀን ቃል ተንፍሰው አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ወሬ መቼም እግር አያጣም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግራዝማች ዳባት መሀል መንገድ ላይ በቅሏቸውን አቁመው ጠበቁኝ።

«ታገኘ፣ ልጅህ አስመራ ልትገባ ነው አሉ። እሰይ! እኔ እያለሁ እንዳትጨነቅ።»

«በምን ያበድሩኛል ጌታዬ?»

«በምን ይባላል? በወዳጅነት ነዋ! ለወጉ ያህል ብቻ ያቺን የደጅህን መሬት…»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ወዳጅነትዎን ለጠላትዎ ያድርጉት» ብያቸው አለፍኩ። ከኋላዬ ሲስቁ ሰማሁ። አበዳሪ ሲስቅ ደስ አይለኝም።

ማታውን ስንቄን ጠርቼ «ልጄ፣ ትቀሪያለሽ። የእኔን ዕጣ አንቺ አትደግሚውም፤ ዕዳ አላወርስሽም» አልኳት። አላለቀሰችም። ደብዳቤውን አጥፋ ይዛ ወደ አያቷ ጎጆ ሄደችና አነበበችላቸው። ለምን ለእሳቸው እንዳነበበች ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን መጠርጠር የሚገባኝን ትቼ የማይገባኝን ስጠረጥር የምኖር ሰው ነኝ።

እናቴ እማሆይ የሺወርቅ ቆብ ከደፉ በኋላ የሚኖሩት ከቤታችን ጓሮ ባለችው ጎጆ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ከጭቃና ከእበት የተሠሩ፣ ሰው የሚያካክሉ ሦስት ጎታዎች ቆመዋል። ሦስቱም ገብስ ናቸው፤ አናታቸው ተመርጎ ታሽጓል። ገብሱ የእናቴ የቁም ተዝካር ነው። ከሞት በኋላ ዘመድ የሚያወጣውን ተዝካር ሰው በሕይወቱ ሳለ ራሱ ሲያወጣው የቁም ተዝካር ይባላል። እንዲህ የሚያደርገው ዘመዱን ያላመነ ነው፤ እንግዲህ ጥርጣሬው በዘር የመጣ መሆን አለበት። መሬታችን ከተመለሰ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየምርቱ ድርሻቸውን እያስቀመጡ ነው ጎታዎቹን የሞሏቸው። በረት ውስጥም ለዚሁ የሚቀለብ ቦራ የሚባል ወይፈን አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጎኑን እየዳበሰ፣ ስቡን እየለካ ይሄዳል።

«ሦስቱ ጎታ ቢሸጥ እኮ…» ብላ ጀመረች ታንጉት።

«የእናቴን የነፍስ ስንቅ? ከዚያ ገብስ አንዲት ፍሬ የነካ እጁ ይቆረጥ!» ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቴ ጎጆዋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

መስቀል አለፈ። በሳምንቱ የዳባት ትምህርት ቤት ዲሬክተር አስጠሩኝና ከአስመራ የመጣ ወረቀት ሰጡኝ። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ማንበብ አያቅተውም፤ አነበብኩት። የተማሪዋ ስም፣ ስንቄ ታገኘ። የተከፈለው፣ መቶ ሃምሳ ብር። ከፋይ፣ አቶ ታገኘ ያየህ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«እኔ አልከፈልኩም» አልኳቸው።

«ስምዎ እኮ ነው ያለው።»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራው!»

ዲሬክተሩ ሳቁ። እኔ ግን ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ሰው በገዛ ስሙ ሲከፍል ይገባኛል፤ ያልከፈልኩትን በእኔ ስም የከፈለ ሰው ግን ምን ፈልጎ ነው? ነገ ምስክር ቆጥሮ «ለታገኘ ልጅ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በስሙ የከፈልኩለትም ስላበደርኩት ነው» ቢለኝ በየትኛው ዳኛ ፊት እክዳለሁ? ወረቀቱ እኔን ይመሰክርብኛል። መሬቴ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ልትሄድ ነው።

ስንቄን አልከለከልኳትም። ገንዘቡ አንዴ ከገባ ብትቀርም ዕዳው አይቀር። ሻንጣዋን ተሸክሜ ዳባት አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋት። እናቴም በመቋሚያቸው እየተደገፉ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው መጡ። ግንባሯን ስመው፣ አውቶቡሱ በደባርቅ መንገድ እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩት። በዚያ ዕድሜያቸው ለምን ይህን ያህል እንደደከሙ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ግራዝማችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። «ልጅህ ሄደች አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ» ይሉኛል ፈገግ ብለው። ፈገግታቸው ውስጥ የደጁን መሬት ከነአጥሩ አየሁት።

ቀጥሎ ታንጉትን ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሳጥኗን ከፍቼ የእናቷን የብር ድሪና አልቦ ቆጠርኩ። ምንም አልጎደለም። እንስራዋን አዝላ ስትመለስ ግን ሳጥኑን አይታ «አልቦው ስንት ሆነልህ?» አለችኝ። አፈርኩ። ቢሆንም መጠርጠሬን አልተውኩም።

ሦስተኛው ጠይብ ነው። ጠይብ ዳባት ከተማ የሚኖር እህል ነጋዴ ነው፤ አምስት አህዮች አሉት። አባቱም አባቴን ያውቅ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር እናቴን «እሜቴ፣ እንዴት ዋሉ» ሳይል አያልፍም። በጥቅምት ወር ከጎጆዋ ጀርባ የአህያ ኮቴ አየሁ። የእኔ አህያ ያን ሰሞን አንካሳ ሆና ከበረት አልወጣችም። ኮቴውን ተከትዬ ባልሄድም፣ በገበያው ቀን ጠይብ ሱቅ ገብቼ ከተከፈተ ጆንያ ገብስ ዘገንኩና አሸተትኩ። የዘንድሮ ገብስ አይደለም። ጠቆር ያለ፣ የጎታ ጭቃ ጭቃ የሚል የከረመ ገብስ ነው።

«ይኸን ከማን ገዛኸው?»

«ከባለቤቱ» አለ ጠይብ፣ ሚዛኑን እያስተካከለ።

«ባለቤቱ ማነው?»

«ታገኘ፣ ልትገዛ ነው ልትመረምር? ለመርማሪ ቅናሽ የለኝም።»

እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጎጆዋ ውስጥ ዘልቄ ጎታዎቹን አየሁ። አናታቸው እንደታሸገ ነው፤ ምርጊቱ አልተሰነጠቀም፤ እንዲያውም የሸረሪት ድር አድርቶበታል። እፎይ አልኩ። ጠይብን ግን አልማርኩትም፤ ሌላ ነገር ቢኖር ነው እንጂ እንዲህ አያፌዝም ብዬ በልቤ ያዝኩበት።

ዓመቱ ዞረ። በስልሳ ሁለት መስከረም ሁለተኛ ደረሰኝ መጣ። ከፋይ፣ አቶ ታገኘ ያየህ። አሁንማ ዕዳዬ ሦስት መቶ ብር ሆነ ብዬ ሰውነቴ አለቀ። አበዳሪ ባለ ዕዳውን ሲያሳድድ ነው የማውቀው፤ እኔ ባለ ዕዳው ግን አበዳሪዬን ሳሳድድ፣ ያውም ማን እንደሆነ ሳላውቅ!

በጥር ወር የእናቴ የነፍስ አባት፣ አባ ወልደ ሩፋኤል መጡ። ጎጆዋ ውስጥ አብረን ተቀመጥን። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እማሆይ፣ ጎታው ሞልቷል፣ ወይፈኑም ሰብቷል፤ እንግዲህ ተዝካሩ መቼ ይውጣ?» አሉ።

እናቴ መቁጠሪያቸውን ሳይለቁ «አባ፣ ተዝካሬን አውጥቻለሁ» አሉ።

እኔና አባ ተያየን። አንድ ቁና እህል ሳይፈጭ፣ አንድ ጋን ጠላ ሳይጠመቅ ምን ተዝካር ወጣ? አባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጃጅተዋል፤ ሳንቀደም በቶሎ እናድርገው» አሉኝ። እኔም «ኧረ እማሆይ፣ ይኸው እንደሞላ ነው!» ብዬ፣ ላጽናናቸው ስል የመጀመሪያውን ጎታ በመዳፌ መታ አደረግሁት።

እንደ ከበሮ ጮኸ።

ሁለተኛውን መታሁት፤ እሱም ጮኸ። ሦስተኛውማ ስመታው አቧራ ረገፈበት። ተንበርክኬ በታች በኩል ዳሰስኩ። የጎታው ግርጌ ላይ ገብሱ የሚቀዳበት ቀዳዳ አለ፤ ውታፉ አዲስ ጨርቅ ነው። እጄን ስሰድ ውስጡ ባዶ ነው። አናቱን ሳይ ከርሜ በእግሩ ወጥቶ ሄዷል።

«እማሆይ! ማን ነው ያወጣው?»

«እኔን ብቻ ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ እናቴ። «አገሩን ሁሉ ሰብስበህ ጠይቅ።»

ሰበሰብኩት። አውጫጭኝ ጠራሁ። አውጫጭኝ ሲጠራ የአጥቢያው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይከተታል፤ የጠፋው ነገር እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከብትህ ቢራብ፣ ልጅህ ቢያለቅስ እዚያው ነህ። ጭቃ ሹሙ አቶ ሀብተ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለው ሜዳ ሰዉን አስቀመጡ። ሦስት ሽማግሌዎች ወይራው ሥር ሆኑ። እያንዳንዱ ሰው በተራው እየሄደ ያየውን የሰማውን በጆሮአቸው ይነግራል፤ የነገረውን ሰው ስም ማንም አያውጣ ተብሎ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚባለው። ግራዝማች ሳይቀሩ በቅሏቸውን ለሎሌ ሰጥተው ከሰው መሀል ተቀመጡ። እሳቸውን መሬት ላይ በማየቴ ደስ አለኝ።

ታንጉት ተራዋ ደርሶ ስትመለስ «ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ወፍ አልነገረችኝም አልኳቸው» አለች፣ ሌላ ሌላውን እያየች።

መጀመሪያው ቀን በከንቱ አለፈ። ሰዉ ከብቱን ትቶ ስለዋለ በእኔ ማጉረምረም ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ወደ ቀትር ላይ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። «ወፌ የጠይብን አህዮች ከእማሆይ ጎጆ ጀርባ ጆንያ ሲጭኑ አይታለች» አለ አንደኛው። ጭቃ ሹሙ ሰው ልከው ጠይብን ከዳባት አስመጡት።

ጠይብ ሜዳው መሀል ቆመ። «ገብሱን ጭኛለሁ፤ አልክድም» አለ። «የሰረቅሁት ግን የለም። ከባለቤቱ ነው የተቀበልኩት።»

«ባለቤቱን ጥራ!» ተባለ።

«አልጠራም። ቃል ሰጥቻለሁ። ነጋዴ ቃሉን ከሸጠ ሌላ የሚሸጠው ምን ይቀረዋል?»

ሜዳው ተናጋ። «ካልጠራህ ክፈል!» ይላል አንዱ። «ከነኪሳራችን ክፈል!» ይላል ሌላው። እኔ ደሜ ፈላ። ዘልዬ ኮሌታውን ያዝኩ። «የእናቴን የነፍስ ስንቅ የሸጥክ! በስሜም ከፍለህ በዕዳ ልታስረኝ የሞከርክ አንተ ነህ!» አልኩት። ኮሌታው ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ። ጠይብ ግን እጁን አላነሳብኝም፤ ከኋላዬ ያለ ነገር ነበር የሚያየው።

ዞር ስል እናቴ ናቸው። በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ሰዉ ለመነኩሴ መንገድ ከፈተ።

«ልቀቀው ታገኘ» አሉ። «ሌባዋ እኔ ነኝ። የሰረቅሁትም የራሴን ነው።»

ሰዉ ለመስማት ተጠጋጋ።

«ተዝካሬን አውጥቻለሁ ስላችሁ ጃጀች አላችሁኝ። አውጥቼዋለሁ እኮ! በታች በኩል፣ በጣሳ በጣሳ፣ ልጄ እርሻ በዋለ ቁጥር አወጣሁት። ጠይብ ድርሻውን ያዘ፤ በነጻም አልሠራልኝም፤ አስመራ ካለው ዘመዱ ጋር ተላልኮ ለልጅቷ ኮሌጅ ከፈለልኝ። በታገኘ ስም ክፈል ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጅን ያስተማረ አባቷ ይባል ብዬ ነው።»

አባ ወልደ ሩፋኤል ቆመው «እማሆይ፣ ነፍስዎስ?» አሉ። ድምፃቸው ከልብ ያዘነ ነበር።

«ለነፍሴ ፍትሐት ይበቃኛል አባቴ። እሱን እርስዎ አይነፍጉኝም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቤዬን በልተዋል።» ሰዉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና ቀጠሉ።

«እዚህ ያላችሁ ትልልቆቹ የባሌን የያየህን ተዝካር በልታችኋል። ሰንጋው ጥሩ ነበር፤ ጠላውም ወፍራም ነበር። ግን የበላችሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የዚህን የልጄን ትምህርት ነው። አዲስ ቁምጣ አሰፍቼለት ጎንደር ሊሄድ አሥራ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ያበደረኝ አላስገደደኝም፤ ካህናቱም አላስገደዱኝም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ መሬቱን አሲዤ ያበላኋችሁ እኔ ነኝ። ይኸ ልጅ ሃያ ስምንት ዓመት አበዳሪውን ሲረግም፣ ቄሱን ሲረግም፣ አገሩን ሲረግም ኖረ። የእኔን ስም አንድ ቀን አልጠራም። እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ታገኘ፣ ትምህርትህን የበላሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

የተቀደደው ኮሌታ እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። አውቅ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አውቅ ነበር፤ መሬቱ ሲሰጥ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ግን እናት አትጠረጠርም፤ ስለዚህ እናቴ ላይ የሚያርፈውን ጥርጣሬ ለሌላው ሰው ሁሉ ሳከፋፍል ኖርኩ። ለግራዝማች ሰጠሁ፣ ለአባ ሰጠሁ፣ ለሚስቴ ሰጠሁ፣ ለጠይብ ሰጠሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማን አየኝ ማን አላየኝ አላልኩም።

እናቴ ራሴን ዳበስ አደረጉና ቀና ብለው «አባ፣ አገር ሁሉ እዚህ ነው፤ እንዲህ ተሟልቶ ደግሞ አይገኝም» አሉ። «ስሞት ታገኘ ለተዝካሬ ብሎ ቢበደር፣ መሬት ቢያሲዝ፣ ያበላውም የበላውም በግዝት ይሁን ይበሉልኝ።»

አባ አመነቱ። ከሰው መሀል አንዱ ሽማግሌ «ወይፈኑስ?» አለ፤ ድምፁ የተስፋ ነበር።

«ቦራ የሦስተኛው ዓመት ክፍያ ነው» አሉ እናቴ።

ሜዳውን ሙሉ የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ። ስንቱ ሰው ያን ወይፈን በልቡ እንዳረደው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አወጡ፤ እንባ ባቀረረ ዓይናቸው እናቴን አዩና ግዝቱን አሰሩ። ግራዝማች በቅሏቸውን አስመጡ። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ለጠይብ ይቅርታ ስለምነው «ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አለኝ፤ «የኮሌታውን ግን ለልብስ ሰፊው ትከፍላለህ።» ከፈልኩ። ማታ ቤት ስንገባ ታንጉትን «አንቺም ታውቂ ነበር?» አልኳት። «ታዲያ ጆንያውን ማን የያዘላቸው መሰለህ? ለሽማግሌዎቹ አልዋሸሁም፤ ወፍ አልነገረችኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለች። ወዲያው ወደ ጎጆዋ ሄጄ «እማሆይ፣ አውጫጭኙን እንድጠራ ያደረጉኝ ሆን ብለው ነው አይደል? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በግዝቱ እንዲያዝ ብለው?» አልኳቸው። «አንተ ደግሞ ሁሉን ትጠረጥራለህ» አሉ፤ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ። ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል።

ቦራን በስልሳ ሦስት መስከረም ሸጥኩት፤ የሰባ ሰንጋ ስለነበር የሁለት የእርሻ በሬ ዋጋ አወጣ። አስመራ ድረስ በራሴ እጅ ወስጄ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ ስሜን ሲጽፉት ቆሜ አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነበር። እናቴ በኅዳር ወር አረፉ። ፍትሐቱ ተፈታ፤ በአርባው ቀን ሰው መጥቶ ንፍሮ ዘግኖ፣ ውኃ ጠጥቶ ሄደ። ያጉረመረመ የለም፤ ግዝቱ በላተኛውንም ይዞታላ።

ዛሬ ስንቄ ደባርቅ ነርስ ናት። በየወሩ ከደመወዟ የምትልክልኝን ግን አልነካውም፤ ራሷን ትቻል፣ እኔም አልለመድኩትም። ታናሿ አበባየሁ ጎንደር አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ጎታዎቹን ከየምርቱ እያስቀመጥኩ እንደገና ሞልቻቸዋለሁ፤ አናታቸውን መርጌያለሁ። በረት ውስጥም አንድ ወይፈን አለ። ጎረቤቶቼ ባለፉ ቁጥር ጎኑን ይዳብሱታል፤ ይጠረጥሩኛል።

ባለፈው ሳምንት ጭቃ ሹሙ ሀብተ ሚካኤል እንደ ዋዛ ጠየቁኝ። «ታገኘ፣ አንተም እንደ እናትህ የቁም ተዝካር አሰብክ መሰለኝ?»

«አዎ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ታዲያ መቼ ነው የምታወጣው?»

«በየመስከረሙ» አልኳቸው።